የቲቢ ምርመራ በዶላር ረከሰ፤ በብር ተወደደ

ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። በውስጡ ኬሚካል ይዞ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ይወገዳል። ባለሙያዎች ካርትሪጅ ይሉታል።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት የአንዱ ካርትሪጅ ዋጋ 9 ዶላር ከ98 ሣንቲም ነበር። አንድ ዶላር በ18 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ወደ 180 ብር ይጠጋ ነበር ማለት ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. አምራቹ ኩባንያ ዋጋውን ወደ 7 ዶላር ከ97 ሣንቲም ዝቅ አደረገ። ይህንኑ የተቀነሰ ዋጋ ዶላሩን በ150 ብር አስልቶ ለሚመለከት ነጋዴ ውጤቱ 1,195 ብር ገደማ ይሆናል። ዕቃው በዶላር ሲታይ በአምስት አንድ እጅ ረክሷል። በብር ሲታይ ግን ከስድስት እጥፍ በላይ ተወዷል።

ይህ ስሌት በቅርብ ከሚነካቸው የአዲስ አበባ ክፍሎች አንዱ ጉለሌ ነው። ነዋሪው እስከ ዛሬ "ፓስተር" እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። የጳውሎስ ሆስፒታል አጠገቡ ነው። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ሕሙማን መታከሚያ በመሆን የሚታወቅ ሲሆን፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ማከም በአገሪቱ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረውም በዚሁ ግቢ ነው። ከሆስፒታሉ ቁልቁል ሲወረድ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ብዙ ሸማኔዎች በጠባብ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ እንደመሆኑ፣ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል አንድ ሰው ሲያስል ሥጋቱ የጎረቤቱም ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስለው ሸማኔ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የቲቢ ምርመራውን በነፃ ያገኛል። ነፃ የሚባለው ግን ለታማሚው እንጂ ዕቃውን ለሚገዛው ወገን አይደለም። ገዢው ማን እንደሆነና ወደፊትም ማን እንደሚሆን ዛሬ የገበያ ጥያቄ ሆኗል።

ማይክሮስኮፕ ያለፈው፣ ማሽኑ የያዘው

ለመቶ ዓመት ያህል ቲቢ ሲመረመር የኖረው በማይክሮስኮፕ ነው። አክታ በመስታወት ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል፣ ባለሙያው በዓይኑ ጀርሙን ይፈልጋል። ዘዴው ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ጀርሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 መገኘት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ታማሚው "የለብህም" ተብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ደግሞ ማይክሮስኮፕ ጨርሶ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ጀርሙን በላቦራቶሪ ማራባት ስለሚያስፈልግ ሳምንታት ይወስዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን ይህን አሠራር ለውጦታል። አክታው ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ ለ15 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያም በካርትሪጁ ውስጥ ተጨምሮ ወደ ማሽኑ ይገባል። ማሽኑ ጀርሙን አጥቦ፣ ሰባብሮ፣ የዘር ቅንጣቱን ብዙ ጊዜ በማባዛት ይለየዋል። ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም በዚያው ያሳያል። ሁሉም ነገር ከሁለት ሰዓት በታች ያልቃል። የመጀመሪያው ካርትሪጅ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 130 ገደማ ጀርም ሲኖር የሚለይ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት የተደገፈው አልትራ የተባለው ደግሞ 16 ገደማ ሲኖር ይለያል።

ይህ ልዩነት የገንዘብ ልዩነትም ነው። ያልታወቀና ያልታከመ አንድ የሳንባ ቲቢ ታማሚ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ሰዎችን ሊበክል እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ሲገልጽ ቆይቷል። በዚህ ሒሳብ የ1,195 ብር ካርትሪጅ ተቆጥቦ የሚያልፍ አንድ ታማሚ በኋላ ብዙ የስድስት ወር ሕክምናዎችን ሊያስከትል ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ሆኖ ከተገኘ ወጪው ከዚያም ይብሳል።

ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች ዝርዝር ግን በ2013 ዓ.ም. ከኬንያና ከታይላንድ ጋር ወጥታለች። ለዓመታት የተደከመበትን ይህን ውጤት ማስጠበቅ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ካርትሪጁ በመጋዘን ውስጥ መገኘቱ ነው።

ዋጋው እንዴት ወረደ?

የዋጋው ታሪክ የአንድ አምራች ገበያ ምን እንደሚመስል ያሳያል። በመጀመሪያ አንዱ ካርትሪጅ ለታዳጊ አገሮች 16 ዶላር ከ86 ሣንቲም ይሸጥ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት፣ ዩኒትኤይድና የጌትስ ፋውንዴሽን ለአምራቹ ለሲፊድ የአንድ ጊዜ ክፍያ ፈጽመው ዋጋው ወደ 9 ዶላር ከ98 ሣንቲም ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነቃነቅ ቆየ። በ2009 ዓ.ም. ዳናኸር የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ ሲፊድን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የማምረቻ ወጪውን በባለሙያ አስጠንቶ፣ ካርትሪጁ በብዛት ሲመረት ወጪው ከ5 ዶላር በታች እንደሆነ በማስታወቅ "5 ዶላር ይብቃ" የሚል ዘመቻ ለዓመታት ሲያካሂድ ቆየ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ኩባንያው ዋጋውን ወደ 7 ዶላር ከ97 ሣንቲም ያወረደው ከዚህ ግፊት በኋላ ነው። በሌሎች መድኃኒቶች ላይ የሚታየውን መላመድ የሚለየው ካርትሪጅ ግን በዚያን ጊዜ በ14 ዶላር ከ90 ሣንቲሙ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ ነጥብ አለ። ይህ ዋጋ ለመንግሥት ተቋማትና ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ታስቦ የተሰጠ ነው። የግል ክሊኒክ ወይም የግል ላቦራቶሪ ከፍቶ ማሽኑን ለንግድ የሚያስገባ ባለሀብት በዚህ ዋጋ እገዛለሁ ብሎ የትርፍና ኪሣራ ሒሳቡን ቢያወጣ ይሳሳታል። በተጨማሪም ዋጋው ከፋብሪካ በር ላይ የሚታሰብ ነው። የማጓጓዣ፣ የኢንሹራንስና የባንክ ወጪ ከላይ ይደመራል።

ካርትሪጁ ብቻውን አይሠራም

አራት ካርትሪጅ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ማሽን በቅናሽ ዋጋ 17,000 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ቆይቷል። በ150 ብር ምንዛሪ 2 ሚሊዮን 550 ሺሕ ብር ነው። ማሽኑ አምስት ዓመት ይሠራል፣ በዓመትም 250 የሥራ ቀን አለው እንበል። በቀን 12 ምርመራ ቢያካሂድ በአምስት ዓመት 15,000 ምርመራ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ምርመራ የሚደርሰው የማሽን ወጪ 170 ብር ነው። በቀን 4 ምርመራ ብቻ የሚያካሂድ ከሆነ ግን ወጪው ወደ 510 ብር ከፍ ይላል።

የዚህ ንግድ ዋናው እንቆቅልሽ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን ወደ ታማሚው ባስጠጉት ቁጥር ሥራው ይቀንሳል፤ የአንዱ ምርመራ ወጪም ያድጋል። ማሽኑን በትልቅ ሆስፒታል ብቻ ባስቀመጡት ቁጥር ደግሞ የአንዱ ምርመራ ወጪ ይቀንሳል፤ ታማሚው ግን ይርቃል። አገሪቱ በመቶ የሚቆጠሩ ማሽኖችን በሆስፒታሎችና በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች አስቀምጣ፣ ማሽን ከሌላቸው ጤና ጣቢያዎች አክታው በፖስታ ቤት አማካይነት እንዲጓዝ ያደረገችው ሁለቱን ለማስታረቅ ነው። ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረው የኢትዮጵያ ፖስታ ዛሬ አክታና የደም ናሙናም ያመላልሳል።

ነገር ግን በሁለት ሰዓት የሚያልቀው ምርመራ በመንገድ ላይ ቀናት ሊጨርስ ይችላል። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ለማሽኑ ቅርብ ስለሆነ ዕድለኛ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ናሙና ለመስጠት፣ አንድ ቀን ውጤት ለመቀበል ከሸማ ሥራው ቢነሣና የቀን ገቢው ለምሳሌ 600 ብር ቢሆን "ነፃ" የተባለው ምርመራ 1,200 ብር አስከፍሎታል። ይህ ከራሱ ከካርትሪጁ ዋጋ ጋር እኩል ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ የሚገኝ ውጤት ይህን ወጪ በግማሽ ይቀንሰዋል። ናሙናው በገጠር የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ እስኪመለስ ታማሚው ሊጠፋ ይችላል። ጠፋ ማለት መድኃኒቱን አልጀመረም ማለት ነው።

ማሽኑ ራሱም ጣጣ አለው። የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል። የሚሠራው ሙቀቱ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ካርትሪጁም ከ28 ዲግሪ በላይ በሆነ መጋዘን መቀመጥ የለበትም። በጉለሌ ብርድ ይህ ችግር አይደለም፤ በአፋርና በጋምቤላ ግን የአየር ማቀዝቀዣ ዋጋ በወጪው ላይ ይታከላል። አቧራ ሲበዛበት አንዱ ወይም ሁለቱ ክፍሎቹ ሥራ ያቆማሉ። ያን ጊዜ አራት ይመረምር የነበረው ማሽን ሁለት ይመረምራል፤ መለዋወጫው ደግሞ የሚመጣው ከውጭ ነው።

አምራቹ ይህን ችግር የምታቃልል በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማሽን እንደሚያቀርብ በ2007 ዓ.ም. አስታውቆ ነበር። በኋላ ግን ዕቅዱን ተወው። ክፍተቱን ለመሙላት ቀድመው የተነሡት ሕንዶች ናቸው። በጎዋ የሚገኘው ሞልቢዮ ትሩናት የተባለውን በባትሪ የሚሠራ መመርመሪያ አቅርቦ በ2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ አግኝቷል። የአንዱ ምርመራ ዋጋም ለመንግሥት ገዢዎች ከ8 ዶላር በታች ሆኖ ቀርቧል። የቻይና ፋብሪካዎችም ወደዚሁ ገበያ ገብተዋል። የአንድ ሻጭ ዘመን እያበቃ መሆኑን ለዓመታት የቆመው ዋጋ መውረዱ ራሱ ይጠቁማል።

እስከ ዛሬ የከፈለው ማን ነው?

የካርትሪጁ የብር ዋጋ ለረጅም ጊዜ ማንንም አላስጨነቀም። ምክንያቱም አብዛኛው ግዥ የሚፈጸመው በለጋሾች ዶላር ነበር። ዋናዎቹ ከፋዮች ዓለም አቀፉ ፈንድና የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ነበሩ።

ሁለት ነገሮች በተከታታይ መጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው በ57 ብሩ 455 ብር ያህል ይገመት የነበረው ካርትሪጅ ዋጋው በአንድ ክረምት ሊታጠፍ ተቃረበ። ቀጥሎም በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ። የተራድኦ ድርጅቱም በሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ዓለም አቀፉ ፈንድ በዚያው ዓመት ለአገሮች ከመደበው ገንዘብ ላይ 1 ቢሊዮን 430 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. 18 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ አቅዶ ባካሄደው ጉባዔም ቃል የተገባለት 11 ቢሊዮን 340 ሚሊዮን ዶላር ነው።

የሁለቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። ለጋሹ ሲያፈገፍግ የሚከፍለው የመንግሥት በጀት ነው፤ በጀቱ የሚያዘው ደግሞ በብር ነው። በጀቱ በብር ካልጨመረ የሚገዛው የካርትሪጅ ቁጥር ይቀንሳል። ካርትሪጅ ሲጠፋ ጤና ጣቢያው ወደ ማይክሮስኮፕ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም አዲስ ከተገኙት የቲቢ ታማሚዎች በፈጣን የሞለኪውል ምርመራ የተጀመሩት 54 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት 10 ሚሊዮን 700 ሺሕ ሰዎች ሲታመሙ 1 ሚሊዮን 230 ሺሕ ሞተዋል።

ከኮቪድ የተገኘ ትምህርት

መመርመሪያ ዕቃ በሰው እጅ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ገበያው በ2012 ዓ.ም. አይቷል። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአዲስ አበባ ሲገኝ የዓለም አገሮች ሁሉ ለአንድ ዓይነት ዕቃ ይሻሙ ነበር። ገንዘብ የያዘ አገር እንኳ ወረፋ ጠብቋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የቻይናው ቢጂአይ በቦሌ ኤርፖርት አቅራቢያ የኮቪድ መመርመሪያ ማምረቻ ፋብሪካ ከፈተ። የሞለኪውል መመርመሪያ በአዲስ አበባ ሊመረት እንደሚችል በዚያ ታየ። ወረርሽኙ ሲበርድ ግን የኮቪድ ምርመራ ገበያ በዓለም ዙሪያ ተቀዛቀዘ። በአንድ በሽታ ላይ ብቻ የቆመ ፋብሪካ ገበያው ከበሽታው ጋር እንደሚሄድ ሌላው ትምህርት ነው።

ከአፍሪካ ሌላም ምሳሌ አለ። የሞሮኮው ሞልዲያግ የዝንጀሮ ፈንጣጣን የሚለይ የሞለኪውል መመርመሪያ ሠርቶ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ከሚገኘው የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ድጋፍ አግኝቷል። የመሸጫ ዋጋውም 5 ዶላር ገደማ ነው።

የጉለሌው ላቦራቶሪ ሥራም በቲቢ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የጂንካው የማርበርግ ወረርሽኝ የተረጋገጠው በዚሁ በብሔራዊው ላቦራቶሪ ነበር። ከጂንካ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ናሙናው በቦታው ሊመረመር ቢችል ኖሮ ሊተርፍ የሚችለውን ጊዜ መገመት አያቅተውም።

ለነጋዴው ምን አለው?

በዚህ መስክ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ዋናው ገዢ አንድ መሆኑን ነው። እሱም የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ዕቃው ደግሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባና ፈቃድ ውጭ አይገባም። በጨረታ ጊዜ ዋጋው በብር ተሰጥቶ ኤልሲ የሚከፈተው ከወራት በኋላ ከሆነ በመካከሉ የሚጨምረው የምንዛሪ ልዩነት በአስመጪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ዶላሩ 10 ብር ቢጨምር በአንድ ካርትሪጅ ላይ 80 ብር ገደማ ይታከላል። በ10,000 ካርትሪጅ 800,000 ብር ነው። ይህን ውል ሲዋዋል ያላሰበ አስመጪ ትርፉን በባንክ መስኮት ላይ ጥሎት ይመለሳል።

ከካርትሪጁ ይልቅ በዙሪያው ያለው ሥራ ለአገር ውስጥ ነጋዴ የቀረበ ይመስላል። ማሽኖቹ መብራት ሲጠፋ የሚያቆያቸው ባትሪና ሶላር፣ ዓመታዊ ፍተሻና ጥገና፣ የመለዋወጫ ክምችት፣ የናሙና ማጓጓዣ ሣጥንና ሞተር ብስክሌት ያስፈልጋቸዋል። ያገለገለውን ካርትሪጅ ኬሚካል ስላለበት በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥልም ይሻሉ። የአክታ መያዣው ዕቃ ራሱ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ የሚያመርት ፋብሪካ በአገር ውስጥ ሞልቷል። መንግሥት ለመድኃኒት ኢንዱስትሪ ባዘጋጀው በቂሊንጦ ፓርክ ለመሠማራት የሚያስብም ከከባዱ ከካርትሪጁ ሳይሆን ከነዚህ ቢጀምር ዕውቀቱንም ገበያውንም ቀስ በቀስ ይይዛል።

ማሽኑ አንድ በሽታ ብቻ የሚመረምር አለመሆኑም የሒሳቡ አካል ነው። ካርትሪጁን በመለወጥ በደም ውስጥ ያለውን የኤችአይቪ መጠን፣ የጉበት ቫይረስን፣ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያስከትለውን ቫይረስና ኮቪድን ይመረምራል። በቀን 4 የቲቢ ምርመራ ብቻ የነበረው ማሽን 8 ሌላ ምርመራ ቢጨመርለት የ510 ብሩ የማሽን ወጪ ወደ 170 ብር ይወርዳል። ለታማሚው የቀረበ ምርመራ ከበጀት ጋር ሊስማማ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ካርትሪጆቹ ተለያይተው በተለያየ ፕሮጀክትና በተለያየ በጀት ሲገዙ ግን አንዱ ማሽን በወረፋ ተጨናንቆ ሌላው ሥራ ፈትቶ ሊውል ይችላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ አልደበቀም። የቀን ሥራውን ትቶ አክታውን ሰጥቷል። የሰጠው አክታ በ16 ጀርም የሚለይ ማሽን ውስጥ መግባቱ ወይም 5,000 ጀርም በሚጠብቅ መስታወት ላይ መቀባቱ የሚወሰነው ግን በሆስፒታሉ ውስጥ አይደለም። የሚወሰነው ከወራት በፊት በጨረታው ሰነድና በኤልሲው ላይ፣ በዚያን ዕለት በነበረው የምንዛሪ ዋጋ ነው።